ብዕርና መማሪያ ክፍል፦ የኢስላማዊ ጽሕፈት ጥበብ ትምህርት በኢስታንቡልና በካይሮ

መግቢያ

የእጅ ጽሕፈት በብዙ አገሮች የትምህርት ሥርዓት ውስጥ አነስተኛ ክብደት ከሚሰጣቸው ትምህርቶች አንዱ ነው። ሕፃኑ ፊደል ለይቶ ከጻፈና የጻፈውም ከተነበበ መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ያልፋል። በኢስላማዊው ዓለም ግን ጽሕፈት ከዚህ የላቀ ቦታ ነበረው። ቁርአን የሚገለበጥበት፣ የመንግሥት ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ የመስጊድ ግድግዳ የሚያጌጥበት ጥበብ በመሆኑ ከእጅ ጥበባት ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል። ጥበቡ በዐረብኛ «ኸጥ»፣ ባለሙያውም «ኸጣጥ» ይባላል።

ይህ ጥበብ ለብዙ መቶ ዓመታት የተላለፈው ከአንድ መምህር ወደ አንድ ተማሪ ነው። በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት ዘመናዊ የትምህርት አስተዳደር ሲቋቋም ግን አዲስ ጥያቄ ተነሣ። በዝግታና በግል ይሰጥ የነበረው ትምህርት፣ ብዙ ተማሪዎች በሚቀመጡበት፣ ሰዓቱ በደወል በሚከፈልበት፣ ውጤቱም በፈተና በሚለካበት መማሪያ ክፍል ውስጥ እንዴት ሊገባ ይችላል? ደግሞስ በማን ኃላፊነትና ለምን ዓላማ?

ይህ ጽሑፍ የጥያቄውን ታሪክ በሁለት ከተሞች፣ ማለትም በኢስታንቡልና በካይሮ፣ ይከታተላል። ሁለቱ ከተሞች አንድ የጽሕፈት ትውፊት ሲጋሩ ቆይተው በ1920ዎቹ ዓመታት ተቃራኒ መንገድ ስለያዙ፣ ለማነጻጸር የተመቹ ናቸው። ከታሪኩ የሚወጣው ቁም ነገር የሚከተለው ነው፤ «የጽሕፈት ትምህርት» በሚል አንድ ስም ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ተጠቃለው ይገኛሉ። እነርሱም የዕለት ተዕለት መገልገያ የሆነው ንባብና ጽሕፈት፣ የእጅ ጥበብ፣ እንዲሁም የእምነት አገልግሎት ናቸው። የትምህርት ዕቅድ የተሳካው ከሦስቱ የትኛውን እንደሚያስተምር ለይቶ ባወቀበትና ከመማሪያው መጽሐፍ አስቀድሞ መምህሩን ባዘጋጀበት ጊዜ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የቀድሞው የማስተማሪያ ዘዴ

ኸጥ በሕግ የታሰረ ጥበብ ነው። የሕጉ መሠረት የሚታሰበው በባግዳድ የዐባሳውያን ወዚር ለነበረው ለኢብን ሙቅላ (886–940) ነው። በእርሱ ስም በሚታወቀው መለኪያ መሠረት የፊደላት መጠን የሚወሰነው በነጥብ ነው። በሰያፍ የተቆረጠው የመቃ ብዕር አፍ አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ሲያርፍ የሚተወው ባለ አራት ማዕዘን ነጥብ የመለኪያው መነሻ ይሆናል። ቀጥ ብላ የምትቆመው «አሊፍ» እንደ ጽሕፈቱ ዓይነት የአምስት ወይም የሰባት ነጥብ ቁመት ይሰጣታል። የአሊፍ ቁመት የክብ ስፋት ሆኖ ሲወሰድ ደግሞ የሌሎቹ ፊደላት ጕብጠት ከዚያው ክብ ይቀዳል። በመሆኑም ብዕሩ ቢወፍርም ቢቀጥንም የፊደላቱ ምጣኔ አይፈርስም።

ይህን ሕግ ኢብን አል በዋብ (በ1022 ያረፈ) አለዘበው፤ ሞንጎሎች በ1258 ባግዳድን ሲያጠፉ በሕይወት የተረፈው ያቁት አል ሙስተዕሲሚ (በ1298 ያረፈ) ደግሞ ስድስቱን ታላላቅ የጽሕፈት ዓይነቶች አጣርቶ አጸናቸው። ከዚያ በኋላ በኦቶማን ግዛት የአማሲያው ተወላጅ ሼኽ ሐምዱላህ (1436–1520) በሱልጣን ባየዚድ 2ኛ ድጋፍ የያቁትን ሥራዎች መርምሮ አዲስ ፈር ቀደደ። በ17ኛው መቶ ዓመት ሐፊዝ ዑስማን (1642–1698) የሐምዱላህን አጻጻፍ ይበልጥ አጠራው። ግብፅም ከ1517 ጀምሮ የኦቶማን ግዛት ስለነበረች የካይሮ ኸጣጦች ዐይናቸውን ወደ ኢስታንቡል አዙረው ኖረዋል።

ለመምህራን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የማስተማሪያው ዘዴ ነው። ዘዴው «መሽቅ» ይባላል። በአገራችን «ደረሳ» ብለን የምንጠራው ተማሪ ወደ መምህሩ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ነበር። መምህሩ በፊቱ ይጽፍለታል፤ ደረሳውም ብዕሩ በምን ማዕዘን እንደሚያዝ፣ የት ላይ እንደሚጫን፣ የት ላይ እንደሚላላ ዐይኑን ተክሎ ይመለከታል። ናሙናውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄዶ ሳምንቱን ሙሉ ይለማመዳል። ሲመለስ መምህሩ ስሕተት ያገኘበትን ፊደል ከሥሩ በትክክል ጽፎ ያሳየዋል፤ ልኩ የጎደለውንም በነጥብ ቆጥሮ ያመለክተዋል። ያ ትምህርት ሳይሰምር ወደሚቀጥለው አይታለፍም።

የትምህርቱ ቅደም ተከተል የታወቀ ነበር። በኦቶማን ልማድ የመጀመሪያው ትምህርት ሥራው እንዲቃና ፈጣሪን የምትለምን አጭር ጸሎት ነበረች። ይህችን አንዲት መስመር አሳምሮ ለመጻፍ ብቻ ወራት የፈጀባቸው ደረሶች ነበሩ። ቀጥሎ ፊደላት አንድ በአንድ፣ ከዚያም ሁለት ሁለቱ ሲጋጠሙ፣ በመጨረሻም ሙሉ ዐረፍተ ነገርና ግጥም ይጻፋል። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይወስድ ነበር። በልማዱ መሠረት መምህሩ ክፍያ አይቀበልም፤ ዕውቀቱ እርሱም በነጻ የተቀበለው አደራ ነውና።

መጨረሻው «ኢጃዛ» ነው። ደረሳው የአንድ ታላቅ ኸጣጥ ሥራ አስመስሎ ይጽፋል፤ መምህሩም ከሥሩ የፈቃድ ቃል ጽፎ ይፈርምበታል። ከዚያ በፊት ደረሳው በጻፈው ላይ ስሙን ማስፈር አይፈቀድለትም። ከዚያ በኋላ ግን መፈረም ብቻ ሳይሆን ሌላውን ማስተማርም ይችላል። እንግዲህ ኢጃዛ በአንድ ጊዜ የብቃት ማረጋገጫም የመምህርነት ፈቃድም ነበር ማለት ነው። የእያንዳንዱ ኸጣጥ የመምህራን ሐረግ ወደ ኋላ ተቆጥሮ እስከ ቀደምቶቹ ሊቃውንት ይደርሳል። ይህ ሐረግ አንድ ጊዜ ከተበጠሰ በመጽሐፍ ብቻ መልሶ መቀጠል አስቸጋሪ ነው።

2. የጽሕፈት ሰዓት በዘመናዊው ትምህርት ቤት

የኦቶማን መንግሥት በ19ኛው መቶ ዓመት ባደረገው ማሻሻያ አዲስ ዓይነት ትምህርት ቤቶችን አቋቋመ። በ1848 በኢስታንቡል የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1868 የገላታሳራይ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሥራ ጀመረ። በ1869 ደግሞ አጠቃላይ የትምህርት ደንብ ወጥቶ ከመጀመሪያ ደረጃ አንሥቶ እስከ ከፍተኛ ትምህርት ያለው መዋቅር በወረቀት ላይ ተዘረጋ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ሠንጠረዥ ውስጥ «ውብ ጽሕፈት» የራሱ ሰዓት ነበረው።

ይሁን እንጂ መማሪያ ክፍሉ የመሽቅን ዘዴ እንዳለ ሊቀበለው አልቻለም። አንድ መምህር በአንድ ሰዓት ውስጥ የብዙ ተማሪዎችን ወረቀት ከሥሩ እየጻፈ ማረም አይችልም። ሁሉም ተማሪ በአንድ ቀን ወደሚቀጥለው ትምህርት እንዲያልፍ ይጠበቃል። የመቃ ብዕር እየጠረቡና ቀለም እያዘጋጁ መማርም ከሰዓቱ ጋር አይሄድም። ስለዚህ በመምህሩ እጅ ፋንታ የታተመ የጽሕፈት መለማመጃ ደብተር ገባ።

መፍትሔው የተገኘው ዓላማውን በማጥበብ ነው። ለትምህርት ቤትና ለመሥሪያ ቤት «ሩቅዓ» የተባለው ጽሕፈት ተመረጠ። ሩቅዓ አጭርና ቀጥታ በሆኑ መስመሮች የሚጻፍ፣ እጅን የማያደክም፣ ለፈጣን የደብዳቤ ሥራ የሚስማማ ነው። ሙምታዝ ኤፈንዲ (1810–1872) መልክ አስያዘው፤ መህመድ ዒዘት ኤፈንዲ (1841–1903) ደግሞ ሕጉን አጥብቆ በገላታሳራይ ትምህርት ቤት አስተማረው። የመማሪያ ክፍሉ ዓላማ ኸጣጥ ማፍራት ሳይሆን የሚነበብ ደብዳቤ የሚጽፍ ሠራተኛ ማፍራት ሆነ። ሩቅዓ እስከ ዛሬም ድረስ በግብፅና በምሥራቁ የዐረብ ዓለም የተለመደ የእጅ ጽሕፈት ሆኖ መኖሩ ምርጫው በቦታው እንደነበረ ያመለክታል።

በዚህ መንገድ ከላይ ከጠቀስናቸው ሦስት ሥራዎች መካከል የመጀመሪያው፣ ማለትም የዕለት ተዕለቱ ጽሕፈት፣ ተለይቶ ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ገባ። ጥበቡ ግን በመምህራን ቤትና በመስጊዶች አጠገብ በቀድሞው ልማድ ቀጠለ። በጊዜው ይህ እንደ ጉድለት አልተቆጠረም፤ አንዱ ሌላውን ይመግብ ነበርና። በትምህርት ቤት እጁ የተፍታታ ልጅ ፍላጎት ካደረበት ወደ ኸጣጡ ዘንድ ሊሄድ ይችል ነበር።

3. የኢስታንቡል የኸጣጦች መድረሳ

የማተሚያ ቤቶች መስፋፋት የገልባጮችን እንጀራ ቀስ በቀስ አጠበበው። በሙስሊሙ የኦቶማን ኅብረተሰብ ዘንድ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ በኢስታንቡል የወጣው በ1729 ቢሆንም የሕትመት ግፊት በብርቱ የታየው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ በቀድሞው ልማድ ብቻ ከተተወ ጥበቡ ይጠፋል የሚል ሥጋት ተፈጠረ።

ከዚህም የተነሣ በ1914 በኢስታንቡል «የኸጣጦች መድረሳ» ተከፈተ። መድረሳው የተቋቋመው የወቅፍ ንብረት በሚያስተዳድረው ሚኒስቴር ሥር ነው። በዚያ ያስተማሩት የዘመኑ አንጋፋዎች ነበሩ። ካሚል አክዲክ (1861–1941) ሡሉስና ነስኽ፣ ኢስማኢል ሐቂ (1873–1946) የሱልጣኑን ማኅተመ ፊርማና ትላልቅ ጽሕፈቶችን፣ ሑሉሲ ኤፈንዲ (1869–1940) ተዕሊቅ የተባለውን ጽሕፈት ያስተምሩ ነበር። ነጅሙዲን ኦክያይ (1883–1976) ደግሞ ወረቀት በቀለም የማዥጎርጎርንና ለጽሕፈት የማዘጋጀትን ሙያ አስተማረ። ተማሪው ከጽሕፈቱ ጋር በወርቅ ማስጌጥንና መጽሐፍ መጠረዝንም የሚማርበት ዕድል ነበረው።

የዚህ ተቋም ጥበብ በአደረጃጀቱ ላይ ነበር። የትምህርት ቤትን መዋቅር ማለትም ሕንፃን፣ የሰዓት ሠንጠረዥንና ደመወዝን ተቀበለ፤ በውስጡ ግን የመሽቅን ዘዴና ኢጃዛን ጠበቀ። መምህሩ እንደ ቀድሞው ከሥሩ እየጻፈ ያርማል፤ የተለወጠው መንግሥት ኑሮውን መሸፈኑ ነው። ይህም ሁለተኛው ሥራ፣ ማለትም የእጅ ጥበቡ፣ ራሱን የቻለ ቤት ያገኘበት ሙከራ ነው። ሆኖም መድረሳው ሥራ በጀመረበት ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ ግዛቱም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ።

4. ካይሮ፦ ንጉሣዊው የጽሕፈት ማሻሻያ ትምህርት ቤት

በካይሮ ሁኔታው የተለየ ነበር። ግብፅ በ1820 የተቋቋመው የቡላቅ ማተሚያ ቤት፣ እንዲሁም በ1872 የተቋቋመውና የዐረብኛ መምህራንን የሚያሠለጥነው ዳር አል ዑሉም ነበሯት። ኸጣጡና ማተሚያ ቤቱ በአንድነት የሠሩበት ጥሩ ምሳሌም እዚያው ይገኛል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመንግሥቱ ማተሚያ ቤት ፊደላቱን ሲያሻሽል ናሙናውን የጻፈው ሙሐመድ ጀዕፈር (በ1916 ያረፈ) የተባለ ኸጣጥ ነው። በ1924 በካይሮ የወጣውና በኋላ በመላው ዓለም የተሠራጨው የቁርአን ዕትምም ከዚሁ ማተሚያ ቤት ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

ግብፅ በየካቲት 1922 ነጻነቷ ታወጀ፤ ፉአድ 1ኛም ንጉሥ ተባለ። ንጉሡ ለቁርአን ሥራ ከኢስታንቡል ያስመጣው ኸጣጥ ዐብዱል ዐዚዝ አል ሪፋዒ ወይም በተለምዶ ዐዚዝ ኤፈንዲ (1871–1934) ነበር። በዚያው በ1922 በባብ አል ሸዕሪያ ሠፈር በሚገኘው በኸሊል አጋ ትምህርት ቤት ውስጥ «ንጉሣዊው የጽሕፈት ማሻሻያ ትምህርት ቤት» ተከፈተ። ዐዚዝ ኤፈንዲም በዚያ አሥር ዓመት ያህል አስተምሮ በ1933 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በማግሥቱም ዓመት ዐረፈ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ካይሮ የራሷ ኸጣጦች ነበሯት፤ ሕንፃ ነበራት፤ የንጉሥ ፈቃድም ነበራት። ያም ሆኖ ትምህርት ቤቱ የጀመረው ሐረጉ ያልተቋረጠ መምህር ከመጣ በኋላ ነው። ከተመራቂዎቹና ከመምህራኑ መካከል ሰይድ ኢብራሂም (1897–1994) በትምህርት ቤቱም በዳር አል ዑሉምም አስተማረ። ከደማስቆ የመጣው ሙሐመድ ሑስኒም፣ የታዋቂዋ ዘፋኝ የነጃትና የፊልም ተዋናይቱ የሱዓድ ሑስኒ አባት፣ ከዚሁ ትውልድ ነው።

ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡ ባለሙያዎች ሥራ አላጡም። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጽሕፈት አስተማሩ፤ የጋዜጣ ርእሶችን፣ የመጻሕፍት ሽፋኖችን፣ የሱቅ ሰሌዳዎችንና የፊልም መክፈቻ ጽሑፎችን ጻፉ። በኋላ በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች ተከፍተው የአራት ዓመት ትምህርትና ከዚያ በላይ የሁለት ዓመት ልዩ ሥልጠና የሚሰጥበት ደንብ ተለመደ። እንግዲህ በግብፅ ጥበቡ የቆመው በሦስት እግር ነበር ማለት ይቻላል፤ ልዩ ትምህርት ቤት፣ በመደበኛው ትምህርት ቤት የሚሰጥ የጽሕፈት ሰዓት፣ እና በገበያው ላይ የሚገኝ ሥራ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ዐብዱል ዐዚዝ ፈህሚ የዐረብኛ ጽሕፈት በላቲን ፊደል እንዲተካ ለዐረብኛ ቋንቋ አካዳሚ ያቀረበው ሐሳብ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ኮምፒዩተር የርእስና የሰሌዳ ጽሑፉን ሥራ ሲወስድ ሦስተኛው እግር ክፉኛ ተዳከመ።

5. ኢስታንቡል ከ1928 በኋላ

ካይሮ ትምህርት ቤቷን ስታሰፋ ኢስታንቡል ወደ ሌላ አቅጣጫ አመራች። መጋቢት 3 ቀን 1924 የወጣው የትምህርት አንድነት ሕግ ትምህርት ቤቶችን ሁሉ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ሲያደርግ መድረሳዎች ተዘጉ። የኸጣጦቹ መድረሳ ስሙን ለውጦ ለጥቂት ዓመታት ቆየ። ኅዳር 1 ቀን 1928 ግን በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተው አዲሱ የቱርክ ፊደል በሕግ ጸደቀ። ጋዜጦች ከታኅሣሥ 1928፣ መጻሕፍት ደግሞ ከጥር 1929 ጀምሮ በአዲሱ ፊደል እንዲታተሙ ሆነ።

የለውጡ ዓላማ መሃይምነትን ማጥፋት ነበር። ጥር 1 ቀን 1929 «የሕዝብ ትምህርት ቤቶች» ተከፍተው ጎልማሶች አዲሱን ፊደል እንዲማሩ ተደረገ። በ1927 ከመቶ 10 ያህል የነበረው ማንበብና መጻፍ የሚችል ሕዝብ በ1935 ወደ 20 ገደማ ደረሰ። ይህን ዕድገት ፊደሉ ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም፤ ሰፊ ዘመቻና አዳዲስ ትምህርት ቤቶችም ድርሻ አላቸው። ሆኖም በመጀመሪያው ሥራ፣ ማለትም በዕለት ተዕለቱ ንባብና ጽሕፈት ረገድ፣ ለውጡ ውጤት እንደነበረው መካድ አይገባም።

በሁለተኛው ሥራ ረገድ ግን ጉዳቱ ፈጣን ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ኸጣጦች ሥራ አጡ። ሙስጠፋ ሐሊም (1898–1964) ለጊዜው ወደ እርሻ ዞረ። ሐሚድ አይታች (1891–1982) በአነስተኛ የሥራ ቦታው የስም ካርድ፣ መለያ ወረቀትና የማኅተም ሥራ እየሠራ ኖረ። ከዚያ ያነሰ የማይባለው ጉዳት ደግሞ አዲሱ ትውልድ የአያቱን የመቃብር ድንጋይ እንኳ ማንበብ አለመቻሉ ነበር።

መንግሥቱ ጥበቡን ፈጽሞ አልጣለውም። በ1936 በኢስታንቡል የሥነ ጥበብ አካዳሚ ውስጥ የቱርክ ጌጣጌጥ ጥበባት ክፍል ተቋቁሞ ካሚል አክዲክና ባልደረቦቹ እንዲያስተምሩ ተደረገ፤ ሙስጠፋ ሐሊምም በኋላ በዚያ አስተማረ። ይህ አስተዋይ እርምጃ ነበር፤ ጥበቡ ከመንግሥት ጽሕፈትም ከእምነት ትምህርትም ተለይቶ እንደ ጥበብ ብቻ ቦታ አግኝቷልና። ነገር ግን ፊደሉን በልጅነቱ ያልለመደ ተማሪ የማያነበውን ቃል እንደ ሥዕል መሣል ግድ ሆነበት። የመጀመሪያው ሥራ ከመደበኛው ትምህርት ቤት ሲወጣ ሁለተኛው መሠረቱ እንደሚሳሳ በዚህ ታየ።

6. ሁለቱ መንገዶች ሲገናኙ

ትውፊቱ የዳነው በሰዎች ነው። የባግዳዱ ተወላጅ ሃሺም ሙሐመድ አል ባግዳዲ (በ1973 ያረፈ) በ1940ዎቹ ወደ ካይሮ ሄዶ ከሰይድ ኢብራሂምና ከሙሐመድ ሑስኒ ኢጃዛ ተቀበለ። ከዚያም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢስታንቡል ተጉዞ ከሐሚድ አይታች ሌላ ኢጃዛ አገኘ። በአገሩ በባግዳድ የሥነ ጥበብ ተቋም እያስተማረ በ1961 የዐረብኛ ጽሕፈት ሕግጋትን የያዘ የመለማመጃ መጽሐፍ አወጣ፤ መጽሐፉም በብዙ የዐረብ አገሮች መማሪያ ሆነ። የካይሮ ትምህርት ቤትና የኢስታንቡሉ ብቸኛ ኸጣጥ በአንድ መምህር እጅ ተገናኙ ማለት ነው። መጽሐፉም ሊጠቅም የቻለው ከመምህሩ ሐረግ በኋላ በመምጣቱ ነው።

የሐሚድ አይታች ተማሪ ሐሰን ቸለቢ (1937–2025) በ1975 ኢጃዛ ተቀብሎ ከተለያዩ አገሮች ለመጡ ብዙ ደረሶች አስተማረ። በ1986 መቀመጫውን በኢስታንቡል ያደረገው የኢስላማዊ ታሪክ፣ ጥበብና ባህል ምርምር ማዕከል የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የኸጥ ውድድር በሐሚድ ስም አካሄደ። በ2021 ደግሞ ዩኔስኮ የ16 ዐረብ አገሮችን የዐረብኛ ጽሕፈት ጥበብና የቱርክን ኸጥ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈራቸው። ኢራን በበኩሏ በ1950 የተመሠረተው የጸሐፍት ማኅበር በየደረጃው ፈተና እየሰጠ የሚያስተምርበትን ልማድ ስላዳበረች ብሔራዊ የጥበቃ መርሐ ግብሯ በዚያው ዓመት በመልካም ምሳሌነት ተመዝግቧል።

7. ሦስቱ ሥራዎች ሲደባለቁ፦ ማሌዥያ በ2019

የቅርብ ጊዜው ማስጠንቀቂያ የመጣው ከማሌዥያ ነው። የማላይ ቋንቋ ለብዙ ዘመናት «ጃዊ» በተባለ፣ ከዐረብኛ በተወሰደ ፊደል ሲጻፍ ቆይቶ ከነጻነት በኋላ ሕጋዊው ፊደል ላቲን ሆኗል። በ2019 የትምህርት ሚኒስቴሩ በ2020 የትምህርት ዘመን በቻይናና በታሚል ቋንቋ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም ጭምር በ4ኛ ክፍል የማላይ ቋንቋ መጽሐፍ ውስጥ ስድስት ገጽ የኸጥ ትምህርት እንደሚገባ አስታወቀ።

ስድስት ገጽ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ወላጆችና የትምህርት ማኅበራት ጠየቁ፤ ይህ የቋንቋ ትምህርት ነው፣ የጥበብ ትምህርት ነው ወይስ የእምነት? ሚኒስቴሩ ቅርስን ማስተዋወቅ ነው ሲል መለሰ፤ የተቃወሙት ደግሞ የሙስሊም ያልሆኑ ልጆች እምነት ይነካል ብለው ሠጉ። በቋንቋ መጽሐፍ ውስጥ የጥበብ ስም ይዞ መግባቱ ሥጋቱን አባባሰው። በነሐሴ 2019 ገጾቹ ወደ ሦስት ዝቅ ተደረጉ፤ ስሙም «የጃዊ ጽሕፈት መግቢያ» ተባለ፤ ፈተና እንደማይሰጥበት ተገለጸ፤ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውም ወላጆች ሲስማሙ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ትምህርቱ በተማሪ ፊት ከመቅረቡ በፊት የክርክር ርእስ ሆነ።

8. ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚከተሉትን ነጥቦች መውሰድ ይቻላል።

አንደኛ፣ ዓላማው አስቀድሞ ይለይ። የኦቶማን ትምህርት ቤት ሩቅዓን ሲመርጥ የሚነበብ ጽሕፈት እንጂ ኸጣጥ አልፈለገም፤ ተሳካለትም። የማሌዥያው ዕቅድ ዓላማው በስሙ ላይ ግልጽ ስላልነበረ ተሰናከለ።

ሁለተኛ፣ መምህሩ ከመጽሐፉ ይቅደም። ካይሮ ዐዚዝ ኤፈንዲን አስቀድማ ማምጣቷ ለሦስት ትውልድ ጠቀማት። ሚኒስቴር አንድን ጥበብ በአንድ ደንብ ሊያቆም ይችላል፤ በአንድ ደንብ ግን ሊያስጀምረው አይችልም፤ አንድ ብቁ መምህር ለማፍራት ብቻ ዓመታት ያስፈልጋሉና።

ሦስተኛ፣ ከቀድሞው ዘዴ ለመማሪያ ክፍል የሚስማማው ይወሰድ። በተማሪው ስሕተት ሥር ትክክለኛውን ጽፎ ማሳየት፣ የፊደልን ልክ በሚታይ መለኪያ ማስረዳት፣ ሳይሰምር አለማለፍ፣ እነዚህ ለማናቸውም ፊደል ማስተማሪያ ይሆናሉ።

አራተኛ፣ የሙያው ገበያ ይታሰብበት። የግብፅ ተመራቂዎች ጋዜጣውና ሰሌዳው እስካለ ድረስ ጥበቡን ይዘው ኖረዋል።

ይህ ጉዳይ ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። በሐረር፣ በወሎ፣ በጅማና በሌሎችም አካባቢዎች በቁርአን ትምህርት ቤቶች ሕፃናት በሉሕ ላይ በብዕር ሲጽፉና ሲያጥቡ ኖረዋል። የሐረር ገልባጮች ያዘጋጇቸው የቁርአን ቅጂዎች በከተማይቱ በሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየምና በሌሎችም ስብስቦች ይታያሉ። በአብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የብራና ቁም ጸሐፊው እንዲሁ ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ የመቃ ብዕር ጠርቦ፣ ፊደል በፊደል እየታረመ ይማራል። ሁለቱ ልማዶች በእምነት ቢለያዩም በማስተማሪያ ዘዴ ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።

በ1995 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ የእምነቱ አገልግሎት ለየእምነቱ ተቋማት የሚተው ነው። የእጅ ጥበቡና ታሪኩ ግን በሥነ ጥበብና በታሪክ ትምህርት ውስጥ ቦታ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ሉሑም ብራናውም ጎን ለጎን ቀርበው፣ ያለ ፈተናና ያለ ግዴታ። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት የመጀመሪያ እርምጃ ሊሆን የሚገባውም መጽሐፍ ማዘጋጀት ሳይሆን በየአካባቢያቸው የቀሩትን ኸጣጦችና ቁም ጸሐፊዎች ፈልጎ ማግኘት፣ አሠራራቸውን በአግባቡ መመዝገብና ጥቂት ሠልጣኞች ከእነርሱ ዘንድ ተቀምጠው የሚማሩበትን ጊዜ መመደብ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ እነዚህ ሠልጣኞች በሚያስተምሩበት ቀን ሊጻፍ ይችላል።